በክርስትና ስሜ የተመረመርሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ግራ ጆሮዬም እንደ ቀኙ ሊከዳኝ ነው ብዬ ሰግቼ፣ ከዘንባባው መንገድ ገባ ብላ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ጆሮዬን አይታ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «አባባ፣ ጆሮ ብቻውን አይታይም። ከአንጎል የሚወጡትን ነርቮች ሁሉ አንድ በአንድ ልያቸው» አለችኝ። ዓይኔን እንድጨፍን፣ አንዱን የአፍንጫዬን ቀዳዳ በጣቴ እንድይዝ አዘዘችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ወደ አፍንጫዬ አስጠግታ፣ «ምን ይሸትዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የሎሚ ልጣጭ ነበር። ወዲያው አውቄዋለሁ፤ ለመናገር ግን ዘገየሁ። ልጅቱ አፍንጫዬ የደከመ መስሏት ልጣጩን እንደገና አስጠጋችልኝ። አፍንጫዬስ ደኅና ነው። እኔ ራሴ ነኝ እዚያ ወንበር ላይ ያልነበርሁት።

እኛ ጎልማሶች በነበርንበት ጊዜ ባሕር ዳር በሎሚና በአሣ የምትሸት ከተማ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት የዘጌ ሴቶች ሎሚውንና ጌሾውን በደንገል ታንኳ ጭነው ከዳር ይደርሳሉ። ቁና ሙሉ ሎሚ በስሙኒ ይገኛል፤ ሻጯም ዘንቢልህን አየት አድርጋ «ይኸ ደግሞ ለልጆች» ብላ ከላይ ጣል ታደርግበታለች። ቀረሶ የሚባለው አሣ የሚሸጠው በገመድ ተሰክቶ ነው፤ ገመዱን በብስክሌትህ መሪ ላይ ታንጠለጥለዋለህ፤ ቤትህ እስክትደርስ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይከተልሃል። ብስክሌት የማይነዳ ሰው አልነበረም፤ የሌለው በሰዓት ይከራያል። ወጣቶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ታቹ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው፣ ሱሪው በሰንሰለት እንዳይያዝ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው በዘንባባዎቹ ሥር ይፈስሳሉ። እኔ እንዲያ ያለ ሱሪ አልለበስሁም። ካኪ ኮት፣ ካኪ ሱሪና ሸራ ጫማ ነበር የኔ ልብስ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ጥጉ ላይ የነበረው ሙዚቃ ቤት ግን እኔንም ያቆመኝ ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ካሴቱ እስኪሳሳ ድረስ ሌላ አያሰማም፤ መንገደኛው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያጠናዋል። ዛሬ በዚያ ጥግ ላይ የስልክ ቀፎ ይሸጣል። በብስክሌቱ ፋንታ ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ሐይቁንም ከወዲያ ማዶ እምቦጭ እያለበሰው ነው ይላሉ። በዓይኔ አይቻለሁ አልልም፤ ጀልባ ላይ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

ትውልዴ ደልጊ ነው። ጺም ሳላበቅል እህል አራግፋ በምትመለስ ጀልባ ተሳፍሬ ባሕር ዳር መጣሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሞተር የተማርሁት ከራሱ ከሞተሩ ነው። ዳር ላይ ተጥሎ የነበረ አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ፈትቼ ገጠምሁ፤ አልነሣ ሲለኝ እንደገና ፈትቼ ገጠምሁ፤ የተነሣ ቀን እኔም የሞተር ሠራተኛ ተባልሁ። ወደ ጎርጎራና ወደ ደልጊ በሚመላለሱ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ ዕድሜዬን ጨረስሁ። ሞተሩ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀኝ ጆሮዬን በላው። በቤታችን ይህ ነገር ሕግ ሆነ፤ የሚያናግረኝ ሁሉ በግራዬ ይመጣል። የበኩር ልጄ ይበልጣል ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ በግራ በኩል ዞሮ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ ነበር «አባዬ» የሚለኝ። ያስተማረው የለም፤ አይቶ ነው የያዘው።

ጨካኝ አባት ነበር ይሉኛል። ጨካኝ አልነበርሁም። ውሸት ግን አልታገሥም ነበር፤ ዛሬም አልታገሥም። ይበልጣል ሕፃን ተማሪ ሳለ መምህሩ ሲደምሩ ተሳስተው ያላገኘውን ማርክ ጨመሩለትና ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ድምሩን ስሞክረው አልመጣልኝም። እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ድረስ ወሰድሁትና «ለመምህርህ ራስህ ንገር» አልሁት። እያለቀሰ ነገራቸው፤ ሁለተኛ ሆነ። እናቱ የሺ ያን ቀን ራቴን አቅርባልኝ ዞር ብላ ተኛች። ለልጅ አባት ሊያወርሰው የሚገባው ሀብት ቃሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ይፈርሳል፤ ጀልባ ይሰምጣል፤ የሰው ቃል ግን ሰውየው ከሞተ በኋላም ይቆጠርለታል። ይህን ለልጄ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሺህ ጊዜ የተነገረ ነገር ይገባል ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

«አሁን ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ጣቴን በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ» አለች ልጅቱ። ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ታች ወረደ። ይህንን ጣት አውቀዋለሁ። ይበልጣል ከሐይቁ ማዶ ባለው ከተማ ሕክምና ይማር በነበረበት ጊዜ፣ ለእረፍት ሲመጣ የሚለማመደው በእኔ ላይ ነበር። በረንዳው ላይ ዱካ አስቀምጦ «ጣቴን ተከተል አባዬ፤ ራስህን ግን አታዙር» ይለኛል። ራሴ ይዞርብኛል። «ኧረ አታዙር! በሽተኛ ብትሆን ኖሮ ከክፍል ባስወጣሁህ!» ይላል። ከዚያ ጉንጬን እንድነፋ ያደርገኛል፤ ታናናሾቹ ተሰብስበው መጥተው በሁለት እጃቸው ጉንጬን ጠፍ ያደርጉታል፤ አየሩ ሲያመልጠኝ የሺ ሳትቀር በሣቅ ትፈርሳለች። ከአንጎል የሚወጡ አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች እንዳሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱ ለማሽተት፣ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ፊትን ለማንቀሳቀስ። «ይህን ያህል ሽቦ በአንድ ራስ ውስጥ? ታዲያ የትኛው ሲቃጠል ነው ሰው የሚዋሸው?» ብዬ ቀልጄበት ነበር። «ለእሱ ነርቭ የለውም አባዬ» አለኝ፤ ተሣሣቅን።

ከዚያ ፊቴ ወደቀ። የክረምት ጠዋት ነበር፤ ከጎርጎራ ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን ገብተን ፊቴን ስታጠብ ውኃው ከአፌ ቀኝ ጥግ ፈሰሰ። መስተዋት ሳይ የፊቴ ቀኝ እኩሌታ የኔ አልነበረም። ግንባሩ ለስልሶ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎ፣ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ «ምች ነው» አለ። ጠበል ተጠመቅሁ፤ ቅጠል ታሸልኝ፤ ከጤና ጣቢያም ክኒን ዋጥሁ። ወራት አለፉ፤ ፊቴ አልተመለሰም። ሾርባ ስጠጣ በፎጣ እይዛለሁ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ከኋላ እቆማለሁ። ስተኛ እንኳ ቀኝ ዓይኔ አይከደንም፤ የሺ «እያየኸኝ የምታንኮራፋ ይመስለኛል» እያለች ትሥቅ ነበር፤ ሣቋ ውስጥ ግን ፍርሃት እሰማ ነበር። በወጣትነቴ መልከ መልካም የሚባል ሰው አልነበርሁም፤ ቢሆንም ፊቴ ፊቴ ነበር።

አንድ ቀን ከጀልባ ስመለስ የሺ ከደጅ ተቀበለችኝ። «ይበልጣል በጎረቤት ሱቅ ስልክ ደውሎ ነበር። ማክሰኞ ና ብሎሃል። ትልልቆቹ ሐኪሞች ፊትህን ሊያዩልህ ነው።» አዲስ ሸሚዝ ገዝታ ቆይታኛለች። ያን ሌሊት ምን ያህል በተስፋ እንደ ተሞላሁ ለመናገር አፍራለሁ። ልጄ ለአባቱ ፊት ተሟግቶ ሐኪሞቹን አሳምኖልኛል ብዬ ጨለማው ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልሁ፤ በግማሼ።

ጎርጎራ ድረስ በጀልባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄጄ ሆስፒታሉ በር ላይ ይበልጣል ተቀበለኝ። ቸኩሎ ነበር። «እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥ፤ ይጠሩሃል። የሚሉህን ብቻ አድርግ። እኔ እመጣለሁ» አለኝና ነጭ ካፖርቱን እያስተካከለ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ነርስ ወጣችና፣ «አቶ ገብረ ሥላሴ! አቶ ገብረ ሥላሴ!» ብላ ተጣራች። የትኛው ሰውዬ ነው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የሚነሣ ጠፋ። ነርሷ ወደ ፊቴ አየችና፣ «አባቴ፣ እርስዎ ነዎት እኮ። ፊትዎን ነው ያሉኝ» አለችኝ።

አዎ፣ ገብረ ሥላሴ እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው። በዚያ ስም የሚጠራኝ ስቆርብ ካህኑ ነው፤ ስናዘዝ የንስሐ አባቴ ነው። ሌላ ሰው የሚያውቀኝ በታረቀኝ ነው። የክርስትና ስም በአደባባይ አይጠራም፤ ለባዕድም አይሰጥም፤ በእኛ ዘንድ ሰው ለእግዚአብሔር የሚታወቅበት ስም ነው። ያንን ስም ከቤቴ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጄ ለጸሎት ያስያዘልኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሞኝነቴን ተመልከቱ።

ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ አልጋ ላይ አንድ ቀጭን የደምቢያ ሰው ተጋድሟል። ነርሷ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ተማሪዎቹ ሲገቡ የጠየቁዎትን ብቻ ይመልሱ፤ በሽታዬ ይህ ነው ብለው እንዳይነግሯቸው» አለችኝ። ግራ ገባኝ። «የምን ተማሪ? እኔ ልታከም ነው የመጣሁ» አልሁ። እርሷም ደነገጠች። «ያስያዘዎት ልጅ እነግራቸዋለሁ ብሎን ነበር እኮ። የመመረቂያ ፈተና ነው አባቴ፤ ፈቃድዎ ካልሆነ አሁኑኑ ይሂዱ፤ የሚይዝዎት የለም።» የደምቢያው ሰውዬ ጣልቃ ገባ፦ «ኧረ አይሂዱ! እኔ ልቤ ያንጎራጉራል ብለው በየዓመቱ ይጠሩኛል። የአምና ዶክተሮች ሁሉ በእኔ ልብ ነው ያለፉት። ምሳው ደግሞ ሥጋ አለው። እርስዎ በፊትዎ ነው? ታድለዋል! ልብስ ማውለቅ የለብዎት።» ነርሷ ሣቀች፤ እኔም ቀረሁ። ለምን ቀረህ ብትሉኝ፣ ይበልጣል እመጣለሁ ብሎኛል፤ መጥቶ ነገሩን ያስረዳኛል ብዬ ነው። ደግሞም ለሰው ልጅ ትምህርት ፊቴን ማዋሴ አይከፋኝም።

መጀመሪያ የገባው አንድ ዘንጋዳ መሳይ ረጅም ልጅ ነበር። ፈታኙ መምህር ሽበታም፣ ዝግተኛ ሰው ናቸው፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ልጁ በቀኜ ቆሞ ያናግረኛል፤ ግማሹን አልሰማሁትም። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናግሮ ወጣ። መምህሩ ፊቴ መገርጣቱን አይተው ነው መሰለኝ ቀረብ አሉኝ። «አይዞዎት አባቴ። ልጁ የጆሮዎንና የፊትዎን ሕመም አንድ ላይ አሥሮ ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ አለ አለ። የለም። ጆሮዎ መቼ እንደ ጀመረ ቢጠይቅዎት ኖሮ ሁለቱ እንደማይገናኙ ያውቅ ነበር። በእርስዎ ሕመም መፈተን ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው።» በመጠየቅ ላይ የተመሠረተ ፈተና መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ በሽተኛውን ያልጠየቀ ይወድቃል።

ሁለተኛው ተማሪ ገባ። ይበልጣል ነው።

ልነሣ ስል ከእግሬ በኩል ዞሮ አጠገቤ ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ። ይበልጣል እባላለሁ። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። እንድመረምርዎት ይፈቅዱልኛል?»

ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የተወለደ ቀን፣ ከሁሉ ነገር ይህ ይበልጣል ብዬ ነበር። አሁን ስሙን እንደ እንግዳ ሰው ነገረኝ። በቤታችን አንተ የሚለኝ ልጅ እርስዎ አለኝ። የሥራው ወግ ይሆናል፤ አሁን ዞር ብሎ ለመምህሩ «አባቴ ናቸው» ይላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። «እፈቅዳለሁ» አልሁት።

የሎሚ ልጣጭ ከኪሱ አውጥቶ አሸተተኝ። ፊደል አስነበበኝ። በእጅ ባትሪ ዓይኔን አበራ። ጣቱን እንድከተል አደረገኝ፤ ራሴን አላዞርሁም፤ አስተምሮኛል። በጥጥ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ነካ ነካ አደረገ። ጥርሴን ነከስሁለት። ቅንድቤን እንዳነሣ ሲያዝዘኝ አንደኛው ተነሣ፤ አንደኛው ተኛ። ዓይኔን እንድጨፍን ሲያዝዘኝ ቀኙ እምቢ አለ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ መካከል ዓይኑን ፈለግሁት፤ እሱ ነርቮቼን እንጂ እኔን አያየኝም። እጁ ግን ያው የልጄ እጅ ነበር፤ ሞቃት ነው። ቀኝ ዓይኔ ፊቴ ከወደቀ ጀምሮ ራሱ ያነባል፤ በጥጡ ጠረገልኝ፤ ያው የበሽታው ነው ብሎ አስቦ ይሆናል።

መምህሩ ከጥጉ ተናገሩ። «ሁላችሁንም ከበሽተኛ ቀኝ ቁሙ ብለን አስተምረናችኋል። አንተ ለምን በግራ ቆምህ?»

ይበልጣል ደንገጥ አለ። ሕፃን ሳለ ጀምሮ ወደ እኔ የሚመጣው በግራዬ ነው፤ እግሩ ራሱ ወስዶት ነው። «ተሳስቼ ነው» አለና ወደ ቀኜ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሚለኝን መስማት አቃተኝ። «ምን አልህ?» እላለሁ፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እንደገና «ምን?» እላለሁ። ጉሮሮዬን አየ፤ ትከሻዬን ወደ ታች ተጭኖ አንሣ አለኝ፤ ምላሴን አስወጣኝ። ሲጨርስ ወደ መምህሩ ዞሮ በእንግሊዝኛ አቀረበ። ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ አነጋገር ነበር። ባይገባኝም ኮርቼበት ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ያን ጊዜ እንኳ ኮርቼበት ነበር።

መምህሩ በእጃቸው አስቆሙት። ወደ አማርኛ መጡ።

«ጆሮው የቆየ ነው፤ ከፊቱ ጋር አይገናኝም አልህ።»

«አዎ።»

«ከሞተር ጩኸት የመጣ ነው አልህ።»

«አዎ።»

«መቼ ጠየቅሃቸው? እኔ እዚሁ ተቀምጫለሁ። ሥራቸውን እንኳ አልጠየቅሃቸውም።»

ይበልጣል ጥጡን ኪሱ ከተተ።

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ከዚህ በፊት አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ወደ እኔ ሳያይ ነው የተናገረው። ጴጥሮስስ ዶሮ ጮኾለት ነቃ። በዚያ ክፍል ውስጥ የጮኸ ነገር አልነበረም።

መምህሩ ተነሥተው በግራዬ በኩል መጡ፤ እሳቸውስ ጠይቀው ያውቃሉ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ልጅ ያውቁታል?»

ምን እንደ ተንጠለጠለ አልጠፋኝም። አላውቀውም ብል ልጄ በዚያው ሰሞን ዶክተር ነው። የሺ ለምርቃቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ሸማኔ ዘንድ አስይዛለች። አውቀዋለሁ ብል የስንት ዓመት ድካሙን እኔው በአፌ አፈርሰዋለሁ። ስለዚህ እሱ እንዲናገር ጠበቅሁት። ፊቱን አየሁት። አንዴ ቢያየኝ ኖሮ፣ አንዴ «አባዬ» ቢለኝ ኖሮ፣ መምህሩ እግር ላይ ወድቄ እለምንለት ነበር። እሱ ግን የእጅ ባትሪውን ያበራል፤ ያጠፋል፤ ያበራል።

«ልጄ ነው» አልሁ። «የበኩር ልጄ ነው። የተጠራሁበት ስም የክርስትና ስሜ ነው፤ ሰው የሚያውቀኝ በታረቀኝ ነው።»

መምህሩ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው፣ «ይበልጣል ታረቀኝ፣ ውጭ ጠብቀኝ» አሉት።

ጎርጎራ ወደብ ጀልባ ስጠብቅ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከትሎኝ ሮጦ ደረሰ። ነጭ ካፖርቱን አጣጥፎ በብብቱ ይዟል። በግራዬ ቆመ።

«አንድ ቃል ነበረች፣ አባዬ። አንዲት ቃል።»

«አንተ ብለሃት የለ እንዴ» አልሁት።

«ያቺን ማርክ ያስመለስኸኝ ቀን መቼም አልረሳትም። አሁንም አስመለስኸኝ። ሌሎቹ በሽተኛ በአጎት፣ በአክስት ያስይዛሉ፤ አልጋ ላይ ማን እንዳለ ሰምተው ይገባሉ። እኔ ብቻ ነኝ እንደ ጻድቅ የምኖረው?»

«ስሜን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ። በታረቀኝ ብትጠራ ያውቁብኝ ነበር። አንተ እንድትደርሰኝም ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተለዋውጬ ነው።»

«ፊቴስ? ሐኪሞቹ ያዩልሃል ያልኸው?»

መልሱን ለመስጠት ወደ ሐይቁ ዞረ። «ፊትህ አሁን አይመለስም፣ አባዬ። ጊዜው አልፏል። ከመስከረም ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሊያዩልህ ነው አልኸኝ?»

«እንዲያ ካላልሁህ አትመጣም ነበር። እማዬም ይኸው ይሻላል አለች።»

«የሺ ታውቃለች?»

«የክርስትና ስምህን የመረጠችው እሷ ናት።»

ጀልባዋ መጥታ ነበር፤ ወጣሁ። ሞተሩ አጠገብ በቦታዬ ተቀመጥሁ፤ ቀኝ ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጥቼ። ፈተና አስጨንቆኛል፣ ፊትህን አውሰኝ ቢለኝ፣ ሄጄ ለጓደኞቹ ሁሉ በተኛሁላቸው። ለእሱ ብቻ ነበር የማልሆነው፤ ማታለል ይሆናልና፤ ያንን ደግሞ ያውቃል። ስለዚህ ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ። ሰው ተስፋ እንዳለው እያወቁ በተስፋው ገመድ መጎተት፣ ይህን ነው ይቅር ለማለት የከበደኝ። ቤት ስደርስ የሺ ፊቴን አይታ ሁሉንም አወቀች። «ልጅህን አዋረድኸው» አለችኝ። «በዚያ ስም የምትጸልይልኝ መስሎኝ ነበር» አልኋት። ሌላ አልተባባልንም፤ ስለዚያ ቀን እስካረፈች ድረስ አልተባባልንም።

ትክክል ነበርሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዛሬም ብጠየቅ «ልጄ ነው» ነው የምለው። ሐኪም ሰው ያልጠየቀውን እንደ ጠየቀ አድርጎ ከተናገረ አንድ ቀን የሰው ነፍስ ይዞ ይሄዳል። ይህን የምለው እንደ አባት ብቻ አይደለም፤ እንደ በሽተኛም ነው። መምህሩም የተማረ ሰው ይቅርታ አድርገውለት በሚቀጥለው ዙር በሌላ በሽተኛ ተፈተነ፤ አለፈ፤ ጥሩ አለፈ አሉ። ያለእኔ ፊት ሊያልፍ ይችል እንደ ነበር ከማንም በላይ የምናውቀው እኔና እሱ ነን። አሁን በሩቅ ከተማ ስመ ጥር ሐኪም ነው። በየፋሲካው ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ጉልበት ይስማል፤ ጎረቤት «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላል። ወደ እኔ ሲመጣ በግራም በቀኝም አይደለም፤ ፊት ለፊት መጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። ጆሮዬ እየደከመ መሆኑን ባለፈው ነግሬው ነበር። «የቤተሰብ ሰው መመርመር በሙያችን አይመከርም፤ ሌላ ሐኪም ይዩ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይመከርም።

ክሊኒኳ ውስጥ ልጅቱ ምርመራዋን ጨርሳ እጇን ታጠበች። ግራ ጆሮዬ ከእርጅና በቀር ምንም የለበትም። ፊቴ የቆየ መሆኑን ጠየቀችኝ፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሥራዬ ምን እንደ ነበር፣ ቀኝ ጆሮዬ ከፊቴ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ደስ አለችኝ። የሚንከባከበኝ ሰው እንዳለም ጠየቀችኝ። ልጅ እንዳለኝ፣ ሐኪም እንደ ሆነ ነገርኋት።

«ሐኪም? ታዲያ እሱ አይመረምርዎትም?» አለች፤ ፎጣዋን አስቀምጣ።

«አንድ ጊዜ መርምሮኛል።»

«ምን አለ?»

«አላውቃቸውም አለ።»